ሁለቱም ዓይን በአንድ ጎን፦ አሸዋ ለብሶ ስለሚኖረው ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ

የጦሳ ሥር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ወሎዬዎች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በቅርብ የሚያውቁት ዓሣ የሐይቅን ቆሮሶና አምባዛ ነው፤ አለዚያም የታሸገ ቱና። ስለ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሦች አንስቼ ሥዕሉን ሳሳይ ክፍሉ ይንጫጫል። "ቲቸር፣ ማን ረግጦት ነው?"

ማንም አልረገጠውም። ይሄ ዓሣ እንደማንኛውም ዓሣ ጎንና ጎኑ የጠበበ ነው። ያደረገው ነገር ቢኖር እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ጎኑን ሰጥቶ መጋደም ነው። ከላይ ስታዩት ጀርባው የሚመስላችሁ አንዱ ጎኑ ነው። አሸዋው ላይ ያረፈው ደግሞ ሌላኛው ጎኑ። እውነተኛው ጀርባና እውነተኛው ሆድ ዳርና ዳር ናቸው፤ ረጃጅሞቹ ክንፎች ዙሪያውን የከበቡበት ቦታ ላይ። ይህን አንዴ ከያዛችሁ የቀረው ጉዱ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ምሳሌ የማደርገው ፕሌስ የሚባለውን ነው። የሰሜን ባሕርና የሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ዳርቻዎች ዓሣ ነው፤ ብዙ ስለተጠና ለማስተማር ይመቻል። ቅርጹ ሞላላ ነው። የላይኛው ጎኑ ቡናማ ሆኖ ደማቅ ብርቱካንማ ነጠብጣብ አለበት። ከዓይኖቹ ኋላ ትንንሽ የአጥንት ጉብታዎች በመስመር ተደርድረዋል። በጣት ሲዳሰሱ ይቆረቁራሉ። የታችኛው ጎኑ ነጭ ነው። ማንም የማያየውን ጎን ማን ቀለም ይቀባዋል? አፉ ትንሽ ናት፤ ወደ አንድ ወገን ጠመም ያለች። ዕድሜ ካገኘ እስከ 1 ሜትር ያድጋል፤ ግን እንዲህ ያለውን አጥማጆችም እምብዛም አያገኙትም።

ከሁሉም የሚገርመው አስተዳደጉ ነው። እንቁላሉ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፣ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የሚፈለፈለው ጫጩት ቀጥ ብሎ ይዋኛል። አንድ ዓይን በግራ፣ አንድ ዓይን በቀኝ። ከቆሮሶ ጫጩት የሚለየው ነገር አይታይም። ለሳምንታት እንዲሁ ማዕበሉ ወደወሰደው ይሄዳል። ርዝመቱ 1 ሳንቲሜትር አለፍ ሲል ግራ ዓይኑ ጉዞ ይጀምራል። በግንባሩ ጠርዝ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ጎን ይመጣና ከቀኙ ዓይን አጠገብ ያርፋል። ሰውነቱም እየጠፈጠፈ፣ በግራ ጎኑ እያጋደለ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ኑሮው መሬት ላይ ነው።

ካደገ በኋላ የአየር ከረጢት የለውም። ሌላው ዓሣ በእሱ ነው ውሃ መሃል ተንሳፍፎ የሚቆመው። ይሄኛው መዋኘቱን ካቆመ ይሰምጣል። እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

በሉ እንግዲህ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። ባሕር ዳር የኖራችሁም ያያችሁትን ጻፉልን።

ባቲ ሰኞ

አብሽር ቲቸር፣ ሸጋ ነገር ነው ያነሳኸው። ግን በሞቴ፣ ዓይን ሲሻገር የራስ ቅሉስ? አጥንት ሰብሮ ነው የሚያልፈው? ገና ሳነበው እኔን አመመኝ።

የጦሳ ሥር

አይሰብርም። በዚያ ዕድሜው የራስ ቅሉ ገና አልጠነከረም። በዓይኑ መንገድ ላይ ያለው ልም አጥንት ቀስ በቀስ ይሟሟል፣ ዓይኑም በዚያ ያልፋል። አጥንቱ የሚጠነክረው ቆይቶ ስለሆነ እንደተጣመመ ይቀራል። ያደገውን ዓሣ የራስ ቅል ብታይ አንድ ሰው ጠምዝዞ የተወው ይመስልሃል።

ይህን ሁሉ የሚያዘው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። አንገታችን ላይ ያለው፣ አዮዲን ሲያጥረው አብጦ እንቅርት የሚሆነው እጢ የሚያመነጨው። የእንቁራሪት እጭ ጭራውን አጥፍቶ እግር የሚያወጣውም በዚሁ ሆርሞን ነው። በቤተ ሙከራ ለጠፍጣፋ ዓሣ ጫጩቶች ሆርሞኑን ቀደም አድርገው ሲሰጧቸው ቀድመው ይለወጣሉ። ሆርሞኑን ሲያግዱባቸው ደግሞ ሳይጋደሙ ቀጥ ብለው መዋኘታቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ዓሣው ሲጋደም አብሮት ይጋደማል። ዓይኖቹ ግን ወደ ላይ ማየት አለባቸው። ስለዚህ ከውስጥ ጆሮ ወደ ዓይን ጡንቻዎች የሚሄደው የነርቭ መስመር እንደ አዲስ ይያያዛል። ፊቱ ብቻ ሳይሆን አንጎሉም ተስተካክሏል ማለት ነው። ለእኔ ከዓይኑ ጉዞ ይልቅ የሚደንቀኝ ይሄ ነው።

የመርሳ ብርቱካን

ይሄ ስቲንግሬይ የሚሉት አይደል እንዴ? ዩቲዩብ ላይ አይቼዋለሁ። ረጅም ጅራት፣ መርዛማ እሾህ ምናምን ያለው። እሱም አሸዋ ውስጥ ነው የሚደበቀው።

ቦርከና

አይደለም ወንድሜ፣ ዘመዱም አይደል። የተማርኩት ዓሣ ሀብት ነውና ልመልስልህ።

ስቲንግሬይ የሻርክ ወገን ነው፤ አጥንት የለውም፣ አጽሙ ልም አጥንት ነው። እሱ በእርግጥም ከላይ ወደ ታች የተጫነ ነው። ሆዱ ከታች፣ ጀርባው ከላይ። አፉና የስንጥቡ ቀዳዳዎች ከሥር ናቸው። መሃል ለመሃል ብትሰነጥቀው ግራና ቀኙ እኩል ይወጣል። ጠፍጣፋው ዓሣ ግን ባለ አጥንት ነው፣ ለሁለት እኩል አድርገህ የምትከፍልበት መስመርም የለውም።

ሲዋኝም እየው። ሌላው ዓሣ ሰውነቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ነው የሚሄደው። እሱም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ተጋድሞ ስለሆነ ግን ለእኛ ላይና ታች የሚል ይመስለናል።

ደግሞ አንድ ዓሣ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። በዓለም ላይ ከ700 በላይ ዝርያዎች አሉ። ጣት የማያክሉ አሉ፤ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ረዝሞ 300 ኪሎ የሚመዝን የአትላንቲክ ሃሊበትም አለ። አንድ የሰባ በሬ በለው!

የአሰብ መንገድ

ልጆቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

እኔ በድሮው ጊዜ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጌ አሰብ የምመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ። ጭነት እስኪደርሰን ወደቡ አካባቢ ነው የምንውለው። ሙቀቱ አይጣል ነው። ማልደን ውሃው ሸሸት ሲል ሱሪያችንን ሰብስበን እንገባለን። እንዲህ እየሄድክ ከእግርህ ሥር አሸዋው ብድግ ብሎ ይሄዳል። ትደነግጣለህ። ወዲያው ትንሽ ራቅ ብሎ ውሃው ድፍርስ ይልና ጸጥ ይላል። ብታይ ብታይ ምንም የለም።

አንድ አጥማጅ ቦታውን በጣቱ አሳየኝ። ለእኔ አሸዋ ነው። "ዓይኑን እየው" አለኝ። ልብ ብዬ ሳይ እውነትም ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ከአሸዋው በላይ ወጣ ብለው ቁልጭ ቁልጭ ይላሉ። አንዱ ወደ እኔ፣ አንዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ። ከዓይኖቹ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ረዳቴ ጎንበስ ብሎ ሊይዘው ሲል አጥማጁ ጮኸበት። "ተው! ወተት ያወጣል!" አለው። እኛም ሳቅንበት። እስካሁን ይገርመኛል። ወተት የሚያወጣ ዓሣ አለ ወይስ ሰውዬው ቀለደብን?

ቦርከና

ጋሼ፣ እንኳን ጻፉልን። ሰውዬው አልቀለደባችሁም።

የሙሴ ዓሣ የሚሉትን ሳያሳያችሁ አልቀረም። ሳይንሳዊ ስሙ ፓርዳኪሩስ ማርሞራቱስ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ፣ ኮራል አጠገብ ባለ አሸዋ ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይኖራል። እስከ 26 ሳንቲሜትር ያድጋል። ሙሴ ባሕሩን በበትሩ ሲከፍል መሃል ላይ የነበረ ዓሣ አብሮ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ዘሩም ግማሽ ዓሣ ሆኖ ቀረ ይላሉ የአካባቢው ሰዎች።

ወተቱ እውነት ነው። በጀርባና በሆድ ክንፎቹ ሥር የመርዝ እጢዎች ተደርድረዋል። ሲነካ ወይም ሲጨነቅ ከየክንፉ ሥር ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። ዩጂኒ ክላርክ የምትባል አሜሪካዊት የዓሣ ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቀይ ባሕር ላይ ይህንን መረመረች። ዓሣውን በእጇ ስትይዝ ፈሳሹ ጣቶቿን አሳከካት። ቀጥላም ሻርክ ባለበት ገንዳ ውስጥ አስገባችው። ሻርኩ አፉን ከፍቶ ይመጣል፤ ሊነክሰው ሲል መንጋጋው እንደተከፈተ ደርቆ ይቀራል። ራሱን እያወናጨፈ ይሸሻል። ዓሣው ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ የመርዙ ዋና ንጥረ ነገር ፓርዳክሲን ተብሏል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ክንፎቹ ሰውነቱን ከራስ እስከ ጅራት ዙሪያውን ይከቡታል። እጢዎቹም በክንፎቹ ሥር ናቸው። ስለዚህ ሻርኩ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ መርዙ አፉ ውስጥ ይገባል። ከላይ የተጻፈው "ሁሉም ከመጋደሙ ይመዘዛል" የሚለው ነገር እዚህም ይሠራል።

ያኔ ለዋናተኞች የሻርክ መከላከያ እንሠራበታለን ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። አልሆነም። ፈሳሹ በክፍል ሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ደግሞም ዓሣው የሚረጨው በቀጥታ አፍ ውስጥ ነው። ሰው ዙሪያውን ባሕር ላይ ረጭቶ የትም አይደርስም።

ባቲ ሰኞ

ረዳትየው እጁ ተርፏል በሉኛ 😂 ጋሼ፣ ያ አጥማጅ ባለውለታችሁ ነው።

የአሰብ መንገድ

ነው እንጂ! ያን ሰው እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ለካ እንዲያ ነው ነገሩ። ተባረክ ልጄ።

የወረባቦ ልጅ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም።

እኔ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አሠሪዬ ግብጻዊት ናት። ይሄን ዓሣ እነሱ "ሰመክ ሙሳ" ነው የሚሉት፤ የነቢዩ ሙሳ ዓሣ። ከገበያ ሲመጣ የሚሰጠው ለእኔ ነው። መጀመሪያ ሳየው ጠላሁት። ሁለቱም ዓይን እኔን ነው የሚያየው። አሁን ግን ከዓሣ ሁሉ ማጽዳት የምወደው እሱን ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጅራቱ አጠገብ ቆዳውን በቢላ ጫር አደርጋለሁ። ጣቴን ጨው አስነክቼ የተነሳውን ጫፍ እይዛለሁ፤ ያለ ጨው ያዳልጣል። በአንድ እጄ ጅራቱን ተጭኜ በሌላው ወደ ጭንቅላቱ ስስብ ቆዳው ድምፅ እያሰማ ሙሉውን ይላቀቃል። ጥቁሩ ጎን ሻካራ ነው፣ ቅርፊቱ ጥቃቅን ሆኖ ጠብቆ የተያያዘ። ነጩ ጎን ስስ ነው፣ አንዳንዴም አልነካውም። ሆድ ዕቃው ትንሽ ናት። ጭንቅላቱ ሥር ጥግ ላይ ነው ያለችው፣ በአንድ ጣት ትወጣለች። የቀረው ሥጋ ነው።

ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙንና ሎሚ አሽቼ፣ ዱቄት አልብሼ እጠብሰዋለሁ። አጥንቱ መሃል ላይ ስለሆነ ሲበስል ሥጋው በሹካ ተገፍቶ ይወርዳል። ልጆቹ ያለ ችግር ይበሉታል። እሾህ እሾህ እያሉ የሚያስጨንቁ ዓሦች አሉ አይደል? እሱ እንዲያ አይደለም።

ጥያቄ ግን አለኝ። አሠሪዬ አንዳንዴ ዓሣውን ገልብጣ አይታ "ይሄኛው ሙሳ አይደለም" ትላለች። በምንድን ነው የምትለየው?

ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት

እህቴ፣ እጅሽን ይባርከው። እንዲህ ነው እንጂ ሙያ!

እኛ ቆሮሶን ፊሌቶ ስናወጣ ከአንዱ ጎን አንድ፣ ከሌላው ጎን አንድ፣ ሁለት ነው የምናገኘው። ከዚህ ዓሣ ስንት ይወጣል? ከሥር ያለው ጎንስ ሥጋ አለው? ወይስ ተኝቶበት ተኝቶበት ጠፍቷል?

ቦርከና

አራት ይወጣል። ከላይኛው ጎን ሁለት፣ ከታችኛው ሁለት። ሰፊ ስለሆነ እያንዳንዱን ጎን በመሃለኛው አጥንት መስመር ለሁለት ትከፍለዋለህ። የታችኛው ጎንም ሥጋ አለው፤ የላይኛው ግን ወፈር ይላል።

ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት

አራት ፊሌቶ! በጾም ገበያ እንዲህ ያለ ዓሣ ቢኖረን...

የኩታበሩ

ዓሣ በጾም ይበላል ያለህ ማነው? መጀመሪያ እሱን እንነጋገር።

አወያይ

ወንድሞች፣ ለጾሙ ጉዳይ ሌላ ክር አለ፣ እዚያ ቀጥሉ። ከዚህ በታች የተጻፉትን 11 አስተያየቶች አንስቻቸዋለሁ። እዚህ ስለ ዓሣው ብቻ።

የኩታበሩ

እሺ፣ ስለ ዓሣው ልጠይቅ። ይሄ ዓይን ከጥንት ጀምሮ ቀስ በቀስ ተሻገረ የሚሉትን አልቀበልም። ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ዓይን ምን ይጠቅማል? ግንባር ላይ ተገትሮ ወደ ታችም ወደ ላይም የማያይ! ፈጣሪ እንዲህ አድርጎ ፈጠረው፣ አለቀ።

የጦሳ ሥር

ጥያቄህ የዋዛ አይደለም። ሴንት ጆርጅ ማይቫርት የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ በ1871 (እ.ኤ.አ.) ዳርዊንን የሞገተው በዚሁ ነው። ዳርዊንም ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ፣ በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው 6ኛ እትም ሊመልስለት ሞክሯል። ጫጩቱ ሲጋደም የታችኛውን ዓይኑን ወደ ላይ ለማዞር ሲታገል ዓይኑም ቅሉም ይጣመማል የሚል ነበር መልሱ። ዛሬ በዚያ መልኩ የሚቀበለው ብዙ ሰው የለም።

ማስረጃው የመጣው ከቅሪተ አካል ነው። ማት ፍሪድማን የተባለ ተመራማሪ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሁለት ጥንታዊ ዓሦችን መርምሮ አሳተመ፤ አምፊስቲየምና ሄትሮኔክተስ። ከአውሮፓ ድንጋይ ውስጥ የወጡ ናቸው። ያደጉ ዓሦች ሆነው ሳለ አንዱ ዓይናቸው ከቦታው ወደ ላይ ከፍ ብሏል፤ ግን ወደ ሌላው ጎን አልተሻገረም። ግማሽ መንገድ ላይ ማለት ነው። ከነዚህ ዓሦች አንዱ ሌላ ዓሣ ውጦ ሆዱ ውስጥ እንዳለ ነው የተገኘው። የሚያድን፣ የሚበላ፣ የጠገበ ዓሣ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ ዛሬም ሴቶደስ የሚባል አለ፣ ቀይ ባሕር ውስጥም ይገኛል። ተሻጋሪው ዓይኑ ግንባሩ ጠርዝ ላይ ነው የቀረው። አፉ ሰፊ፣ ጥርሱ ሹል ነው። ብዙ ጊዜም ቀጥ ብሎ ይዋኛል ይባላል። እንዲህ ላለው ዓሣ ጠርዝ ላይ ያለ ዓይን በሁለቱም አኳኋን ያገለግለዋል፤ ሲጋደምም፣ ሲቆምም።

ፈጣሪን በተመለከተ እኔና አንተ አንጣላም። እኔ የምነግርህ ድንጋዩ ውስጥ የታየውን ነው።

የኩታበሩ

እሱስ እሺ፣ ዓሣ ውጦ መገኘቱ ይገርማል። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

የመርሳ ብርቱካን

ቀለሙን ይቀያይራል የሚሉትስ? እስስት ነው እንዴ?

ቦርከና

ከእስስት ይበልጣል፣ ምክንያቱም የመሬቱን ቀለም ብቻ ሳይሆን ዝንጉርጉሩንም ያወጣል። ጥሩ አሸዋ ላይ ከሆነ ደቃቅ ነጥብ፣ ጠጠር ላይ ከሆነ ሰፋፊ ነጭና ጥቁር ምልክት። ሳምነር የተባለ ተመራማሪ በ1911 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሥራው ዓሦቹን የዳማ ሰሌዳ በመሰለ ወለል ላይ አስቀምጧቸው ነበር። አራት ማዕዘን አላወጡም፤ ግን የነጭና የጥቁሩን መጠን አቀራርበው አሳዩ። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በሞቃት ባሕር ዝርያ ላይ በተደረገ ሙከራ ለውጡ ከ2 እስከ 8 ሴኮንድ ብቻ ፈጀ።

ይህን የሚመራው ዓይኑ ነው። ያየውን ነው የሚለብሰው። ዓይኑ ከተሸፈነ ከመሬቱ ጋር መመሳሰል ያቅተዋል።

በኩሬ የሚረቡት ግን ቀለማቸው ይበላሻል። የላይኛው ጎን ላይ ነጭ ንጣፍ፣ የታችኛው ላይ ጥቁር ንጣፍ የሚወጣባቸው አሉ። ገዢ ስለማይወዳቸው ዋጋቸው ይወርዳል።

ባቲ ሰኞ

አሸዋውንስ እንዴት ነው የሚለብሰው? ጉድጓድ ይቆፍራል?

የጦሳ ሥር

አይቆፍርም። መሬት ላይ እንዳረፈ ሰውነቱንና ክንፎቹን በኃይል ያርገበግባል። አሸዋው ተነስቶ ይቦንናል። እሱ እንዳለ ይቀመጣል፣ አሸዋውም መልሶ እላዩ ላይ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ነው ሥራው። ጋሼ ያዩት "ድፍርስ ብሎ ጸጥ አለ" ያሉት ይህንኑ ነው። ዓይኖቹ ጎላ ብለው የወጡ ስለሆኑ አይሸፈኑም፤ እያንዳንዳቸውም ለየብቻ ይዞራሉ። ሳይነሳ ዙሪያውን ያያል።

የሚበላው ትላትልና ዛጎል ለበስ እንስሳትን ነው። ፕሌስ በቀን በዓይኑ ያድናል። ሶል የሚባለው ዘመዱ ደግሞ ሌሊት በማሽተትና በመዳሰስ። ትንንሾቹ ፕሌሶች አንድ የማይረሳ ልማድ አላቸው። አሸዋ ውስጥ የተቀበሩ ዛጎል ለበሶች ውሃ የሚስቡበት ቀጭን ቱቦ ከአሸዋው ብቅ ይላል። ዓሣው ጫፉን ነክሶ ይሄዳል። እንስሳው አይሞትም፣ ቱቦውም መልሶ ያድጋል። ዓሣው ሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል! ከፍ ሲል ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶቹ ዛጎሉን ከነሥጋው ይፈጨዋል።

ሕፃናቱ የሚያድጉት ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው። የባሕሩ ውሃ ሞልቶ ሲመጣ ተከትለው ወደ ዳር ይወጣሉ፣ ሲሸሽ አብረው ይመለሳሉ። ዕድሜ ሲጨምር ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ለመራባት በአውሮፓ የብርድ ወራት ብዙ ርቀት ይጓዛሉ። እንግሊዝ ውስጥ ተመራማሪዎች ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አስረውባቸው በመርከብ ሲከተሏቸው ያዩት ነገር የሚያስቅ ነው። ዓሣው የሚሞላውና የሚሸሸው ውሃ ፍሰት እሱ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ሲሆን ከመሬት ተነስቶ ውሃው መሃል ይገባና አብሮ ይሄዳል። ፍሰቱ አቅጣጫ ሲቀይር መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ ፍሰቱ ሲመለስለት እንደገና ይነሳል። ታክሲ ጠብቆ እንደመሳፈር ነው በሉት፤ ሒሳብ ግን የለም።

የመርሳ ብርቱካን

የባሕር መጨረሻ ድረስ ወርዶ የሚኖር አለ ሲሉም ሰምቻለሁ።

ቦርከና

እ.ኤ.አ. በ1960 ዣክ ፒካርድና ዶን ዋልሽ በትሪየስት ጠላቂ መርከብ የማሪያና ገደል ግርጌ ድረስ ወርደው ነበር፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ጥልቀት። ፒካርድ በመስኮቱ ጠፍጣፋ ዓሣ አየሁ አለ። ወሬው ከዚያ የመጣ ነው። ባለሙያዎቹ ግን አይቀበሉትም። ከዚያ ወዲህ በካሜራ የታዩ ዓሦች ከ8 ሺህ ሜትር እምብዛም አያልፉም፤ እነሱም ጠፍጣፋ አይደሉም። የባሕር ኪያር የሚሉትን እንስሳ ሳያይ አልቀረም።

ጠፍጣፋ ዓሦች በብዛት ያሉት ለዳርቻ ቀረብ ባለ፣ አሸዋማ ወይም ጭቃማ በሆነ መሬት ላይ ነው። ድንጋያማ ቦታ አይመቻቸውም። ምን ለብሰው ይተኛሉ?

ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት

ጨርሻለሁ ብላችሁ እንዳትሄዱ። እኛ ሐይቅ ላይ ቢለቀቅስ? ወይ ሐርዲቦ ላይ?

ቦርከና

የባሕሩ ዝርያ አይኖርም። ጨው ያስፈልገዋል፤ የእኛ ሐይቆች ውሃ ጣፋጭ ነው።

ግን ነገሩ ጭራሽ ሕልም አይደለም። ግብጽ ውስጥ ፋዩም አጠገብ ቃሩን የሚባል ሐይቅ አለ። ጨዋማነቱ እየጨመረ የሄደ ሐይቅ ነው። ከሜዲትራኒያን ሶል ወስደው ጨምረውበት ለምዶ ተራብቷል። የወረባቦዋ እህታችን አሠሪ የምታውቀው ሰመክ ሙሳ (ባለ መርዙ የሙሴ ዓሣ ሳይሆን ይሄው ሶል) ከዚያም ሳይመጣ አይቀርም። ጣፋጭ ውሃ ውስጥ የሚኖሩም ጥቂት ዝርያዎች በአማዞንና በሜኮንግ ወንዞች አሉ።

በራሱ ዋኝቶ ይመጣል ብላችሁም አታስቡ። ቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። በሽሎ በዓባይ በኩል ሜዲትራኒያን ይደርሳል፣ ግን ያን ሁሉ ገደልና ፏፏቴ ተጋድሞ የሚወጣ ዓሣ የለም።

የጦሳ ሥር

የወረባቦ ልጅ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። አሠሪሽ የምታየው ዓይኑ ያለበትን ጎን ይመስለኛል።

ዓሣውን ዓይኖቹ ወደ ላይ ሆነው አስቀምጪው። የሆድ ዕቃው ያለበት ጠርዝ ወደ አንቺ ይሁን። ጭንቅላቱ ወደ ቀኝሽ ካመለከተ ቀኝ ጎኑ ነው ዓይን ያለው። ወደ ግራሽ ካመለከተ ግራው ነው። ሶል፣ ፕሌስና ሃሊበት ባለ ቀኝ ናቸው። ተርቦትና ቦተስ የሚባሉት ባለ ግራ።

የወረባቦ ልጅ

ጀዛከላህ ወንድሜ። ዛሬ ሦስት መጥተው ነበር፣ ሳላጸዳቸው እንዳልከው አስቀመጥኳቸው። ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። የግራው አፉ ሰፊ ነው፣ ጥርሱም ጣቴን ጫረኝ። ማዳም "ይሄ ሙሳ አይደለም" ያለችውም እሱን ነው።

የጦሳ ሥር

ጥርሱ ትልልቅና ሹል ከሆነ ቅድም ያነሳሁት ሴቶደስ ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ ግራና ቀኙ አይሠራም፤ ከአንድ ዝርያ ግማሹ ባለ ግራ፣ ግማሹ ባለ ቀኝ ሆኖ ይወጣል። ሌላ ከመጣ የጀርባ ክንፉ የት ላይ እንደሚጀምር እይልኝ። ሶል ላይ ከዓይኑ ፊት ጭንቅላቱ ላይ ይጀምራል፣ ሴቶደስ ላይ ግን ወደ ኋላ ሸሽቶ ከዓይኑ ኋላ ነው። ፎቶ ካነሳሽ እዚህ ለጥፊው፣ ለተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ።